ከፈረንጅ አገር የመጣው ድሪቶ

ባለቤቴ በትዳራችን ዘመን ቆርጣ የተናገረችኝ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንደኛው ጢሜን ላሳድግ ያሰብኩ ጊዜ ነው። ሁለተኛው፣ ሳሎናችን መሃል ቆማ፣ ሰባት ወር ዓይኔን ያፈሰስኩበትን ስፌት በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ፣ "እኔ ልጄን ድሪቶ አስይዤ አልድርም!" ያለችኝ ጊዜ ነው። ጢሙን ተላጨሁት። ስፌቱን ግን መተው አልቻልኩም። ለምን እንዳልቻልኩ ነው የማወራችሁ።

ድሪቶ የሚባለውን መቼም ታውቁታላችሁ። ቡትቶ በቡትቶ ላይ እየተደረተ፣ የመጀመሪያው ጨርቅ የትኛው እንደነበር ባለቤቱም የማያውቀው፣ የኔ ቢጤ ትከሻ ላይ የሚታይ ልብስ ነው። የኔው ሌላ ነው። ትንንሽ ጨርቆች በቀለም ተመርጠው፣ በማስመሪያ ተለክተው፣ ተገጣጥመው የሚሠራ ብርድ ልብስ ነው። ፈረንጆቹ ኩዊልት ይሉታል። ይህንኑ ነገርኳት። "በፈረንጅኛ ስለጠራኸው ድሪቶነቱ ይቀራል?" አለችኝ። ሃያ ምናምን ዓመት ተማሪ ፊት ስቆም እንዲህ ያለ ጥያቄ ገጥሞኝ አያውቅም።

ነገሩ የጀመረኝ ኮሮና ትምህርት ቤት በዘጋበት ሰሞን ነው። አምቦ ውስጥ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አልለመድኩም። ቤት ውስጥ ስንጎራደድ ባለቤቴ ከኋላ ከኋላዬ የረገጥኩትን ትወለውላለች። በሦስተኛው ሳምንት "ወይ አንተ ተቀመጥ ወይ እኔ ወለሉን ልተወው" አለች። ተቀመጥኩና ስልኬን መነካካት ጀመርኩ። እንዲህ ስነካካ ነው አንዲት ነጭ አሮጊት ያገኘሁት። መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ሦስት ማዕዘን ጨርቆችን ትገጣጥማለች።

ሦስት ማዕዘን! ተማሪዎቼ በየዓመቱ "ቲቸር፣ ይሄ ነገር ኋላ ለምን ይጠቅመናል?" እያሉ ሲያፋጥጡኝ፣ "ለፈተና" ከማለት በቀር የምለው አልነበረኝም። ይኸው ጥቅሙ! ብድግ ብዬ ቪዲዮውን ወደ ስልኬ ማውረድ ጀመርኩ። ግማሹ እንደወረደ ኢንተርኔት ጠፋ። እኛ አካባቢ ኢንተርኔት ሲጠፋ መቼ እንደሚመለስ የሚጠየቅ ሰው የለም፤ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። እኔ ግን መጠበቅ አልቻልኩም። እናም አጀማመሩን ተምሬ፣ አጨራረሱን ሳላውቅ ሥራ ገባሁ።

"ታዲያ ምን ጎደለህ?" አለች ባለቤቴ። "ድሮስ የጀመርከውን መቼ ጨርሰህ ታውቃለህ?"

እውነቷን ነው። ጓሯችን ያለው የዶሮ ቤት ጣሪያ የለውም። የንብ ቀፎ አሠርቼ ንቡን ረስቼዋለሁ። አንድ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ልተረጉም ተነሥቼ፣ ዋናው ሰውዬ ምዕራፍ ሁለት ላይ በር ሊያንኳኳ እጁን እንዳነሣ ስድስት ዓመት ሆኖታል።

በዚያ ሰሞን የአምቦ ልብስ ሰፊዎች ሁሉ ማስክ ነበር የሚሰፉት። ከየማሽኑ ሥር ሰማያዊ፣ ቀይ፣ አበባ ያለበት፣ መስመር ያለበት ቁርጥራጭ ተከምሯል። ፌስታል አንጠልጥዬ፣ ማስኬን እስከ ዓይኔ ድረስ ስቤ፣ እያጎነበስኩ እለቅማለሁ። ማንም አያውቀኝም ብዬ ነበር። ለካ ከተማው በሙሉ በአረማመዴ ለይቶኛል።

የመጀመሪያው ሥራዬ ውርደት ነበር። ጨርቅ ሲሰፋ ዳር ዳሩ ወደ ውስጥ እንደሚገባ ማን ይንገረኝ? የሒሳብ መምህሩ ለስፌት የሚሆን ትርፍ ሳይደምር ቆረጠ። ለትልቅ አልጋ ያሰብኩት ተሰፍቶ ሲያልቅ ለድመታችን ልክ ሆነ። ድመቷ አመስግና ተኛችበት። ሁለተኛውን ስጀምር ግን ትርፉን ደመርኩ፤ ዓላማም አገኘሁለት።

አንዲት ሴት ልጅ ናት ያለችን። ጌዶ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ መንገዱ ሰላም በሆነ ቅዳሜ ሁሉ ትመጣለች። አንድ ቅዳሜ ሦስት ማዕዘኖቼን በቀለም እየለየችልኝ ሳለ "አባዬ፣ አንድ ሰው አለ" አለችኝ። እኔ ሞኙ "የት?" ብዬ ወደ በሩ ዞርኩ። ልጄ በሳቅ ፍርስ አለች። ዘግይቶ ገባኝ። ልጁ ደግ እንደሆነ፣ እዚያው ጌዶ ግብርና ቢሮ እንደሚሠራ፣ ቤተሰቦቹ የተከበሩ እንደሆኑ ስትነግረኝ ራሴን እየነቀነቅኩ ሰማሁ። ፈርቼ ነበር። ቅዳሜዬን ሊወስድብኝ የመጣ ሰው ስለሆነ ደግነቱ አልታየኝም። የዚያን ዕለት ለራሴ ቃል ገባሁ፤ ይህን ብርድ ልብስ ጨርሼ፣ ከዚህ ቤት ስትወጣ ከእጄ የወጣ ነገር ይዛ ትሄዳለች። ማታ ልጁንም ብርድ ልብሱንም ለባለቤቴ ነገርኳት።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ባለቤቴ እየቀለደች ታልፈኝ ነበር። ቀልዷን ያፈረሰው ቤተክርስቲያን ነው።

ባለቤቴ በቤተክርስቲያናችን የእርዳታ ክፍል አባል ናት። በዚያ ወር ዲያቆናቱ "የተቸገረ አንድ ቤተሰብ አለ፤ እንዳናሳፍራቸው ስማቸውን አንጠራም" ብለው ብርድ ልብስ እንድትመርጥ ላኳት። ገበያውን ዞራ ዞራ፣ ትልቅ ነብር የታተመበት፣ ወፍራም ብርድ ልብስ ይዛ መጣች። "ለተቸገረ ሰው ደህናው ነው የሚሰጠው" አለችኝ። ከዚያም ተንበርክካ ለዚያ ቤተሰብ ጸለየች። ስታለቅስ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እሁድ ከሰዓት ሁለት ዲያቆናት ዘይት፣ መኮሮኒና ያንን ነብር ተሸክመው በራችን ላይ ቆሙ። ባለቤቴ እሷን ሊጠሯት የመጡ መስሏት ጫማዋን ማጥለቅ ጀመረች።

"ቤታቸው ሩቅ ነው?" አለች።

"ኧረ ሩቅ አይደለም" አለ አንደኛው፣ መሬት መሬት እያየ።

"በእግር ይኬዳል?"

"በእግር ነው።"

"እና ምን ቆማችኋል? እንሂዳ!"

"ደርሰናል፣ እህታችን" አለ።

መጀመሪያ አልገባትም። ወደ ግራ ጎረቤት አየች፣ ወደ ቀኝ ጎረቤት አየች። ከዚያ ሁለቱም ዲያቆናት ወደሚያዩት አየች። እነሱ እኔን እያዩ ነበር፤ እኔ ደግሞ ጭኔ ላይ ጨርቅ፣ አፌ ውስጥ ክር፣ ደረቴ ላይ ሁለት መርፌ ሰክቼ ተቀምጫለሁ። ክው አለች። እነሱም ገብተው፣ ነብሩን እግሬ ሥር አኑረው፣ "ጌታ ሆይ፣ ይህን ወንድማችንን ከጨርቅ ለቀማ አውጣው" ብለው ጸለዩ። እኔም ግራ ሲገባኝ "አሜን" አልኩ። ባለቤቴ ያቺን "አሜን" እስከ ዛሬ ይቅር አላለችኝም።

እንደወጡ ነው እንግዲህ ያ ሁሉ ንግግር የመጣው። ድሪቶ የሚለውም፣ አልድርም የሚለውም። "የከተማው መሳለቂያ አደረግከን! ነገ አማቾቼ የሚሆኑ ሰዎች ይህን ቢሰሙ ምን ይሉኛል? ይሄ ድሪቶ ከዚህ ቤት ይውጣ! ያ ነብርም ዓይኔ እንዳያየው!" በማግሥቱ ኅሊናዋ እንዲያርፍ ብላ ሁለት አዳዲስ ብርድ ልብስ ገዝታ በድብቅ ለእርዳታ ክፍሉ ሰጠች። ነብሩን ግን መመለስ አልቻለችም፤ መመለሱ ራሱ ሌላ ወሬ ነው።

እኔ ትእዛዝ አክባሪ ነኝ። ነብሩን ዓይኗ እንዳያየው ማድረግ ነበረብኝ፤ ብርድ ልብሴ ደግሞ ከላይኛው ጨርቅና ከገበሩ መሃል የሚገባ ወፍራም ነገር ይፈልግ ነበር። ነብሩን መሃል ከተትኩት። ድሪቶውም ከቤት ይውጣ ስላለች፣ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ጠቅጥቄ ትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት አስገባሁት። እንግዲህ ሚስቱን ከዚህ በላይ የሚታዘዝ ባል ካለ አምጡልኝ።

ችግሩ መርፌ ነው። በእጅ ስወጋው ሦስት መርፌ ነብሩ ውስጥ ተሰበረብኝ። ጠርዙን እንዴት አጥፌ እንደምቀመቅመውም አላውቅም፤ አሮጊቷ እዚያ ሳትደርስ ነው ኢንተርኔቱ የጠፋው፣ ሲመለስም ፈልጌ አጣኋት። አምቦ ውስጥ ደግሞ ማንንም ልጠይቅ አልችልም፣ ወሬው በማግሥቱ ቤቴ ይገባል። ስለዚህ አንድ የገበያ ቀን ከረጢቴን ተሸክሜ ጎረቤት ከተማ ጊንጪ ሄድኩ። እዚያ ገበያ ዳር የፈረስ ኮርቻ ምንጣፍ የሚሰፉ አንድ ሽማግሌ አሉ። ኮርቻ ሥር የሚነጠፈው ድርብርብ ጨርቅ እንዴት ሆኖ እንደሚጠቀጠቅ ካያችሁ፣ የአሮጊቷን ሥራ አይታችኋል ማለት ነው። መምህር መሆኔን ስነግራቸው "ባርሲሳ" አሉኝ፤ በኦሮምኛ መምህር ማለታቸው ነው። ከረጢቱን ፈትቼ ዘረጋሁላቸው።

"ኧረ ይሄ በጣም ሰፊ ነው፣ ባርሲሳ። ፈረሱ ወንድ ነው ሴት?"

እኔ ሐሳቤ ሁሉ ልጄ ጋ ነው። "ሴት ናት" አልኳቸው።

"ዕድሜዋ?"

"ሃያ ስድስት።"

መርፌያቸውን አስቀመጡና በሐዘን አዩኝ። "ሃያ ስድስት ዓመት የሞላት ፈረስ ልብስ ሳይሆን ዕረፍት ነው የሚያስፈልጋት።"

ለልጄ ሠርግ እንደሆነ ሳስረዳቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ግን አስተማሩኝ። ጠርዙን ሁለቴ አጥፌ፣ በወፍራም ክር፣ አንድ ወደ ፊት ወግቼ ግማሽ ወደ ኋላ እየተመለስኩ እንድሰፋ አሳዩኝ። "ኮርቻ ላይ ስፌት ተፈታ ማለት ሰው ወደቀ ማለት ነው" አሉኝ። "ይሄ ስፌት ጨርቁ አልቆ እንኳ እሱ አያልቅም።" ያንን ወስፌ የሚያህል መርፌያቸውንም ሰጡኝ።

አንዱን ጎን ጨረስኩ። ሁለተኛውን ጨረስኩ። ሦስተኛውንም። አራተኛው ጎን ላይ ስደርስ እጄ ሰነፈ። ይህን ሰፍቼ ስጨርስ ልጄ የምትሄድ መሰለኝ፤ እውነቱን ልናገር፣ እየዘገየሁ ቀኑን የማዘገየው መስሎኝ ነበር። ሰኔ ሲገባ ግምጃ ቤቱ ማፍሰስ ጀመረ። ከረጢቱን ወደ ቤት አምጥቼ፣ ባለቤቴ የማታየው ቦታ ብዬ፣ ልጄ አልጋ ሥር ደበቅኩት።

በዚያው ሰኔ ሽማግሌ ሊመጣብን ሆነ። ባለቤቴ ቤቱን ገለበጠችው። መጋረጃው፣ አልጋ ልብሱ፣ ብርድ ልብሱ፣ ጋቢው ሁሉ ታጥቦ ገመድ ላይ ወጣ። ሰማዩም ይህን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ሁለት ቀን ሙሉ አፈሰሰው። ሽማግሌዎቹ የመጡ ዕለት በቤታችን ውስጥ አንድ የደረቀ ጨርቅ አልነበረም።

እኔም ተዘጋጅቼ ነበር። ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፤ "እንመክርበታለን፣ ሌላ ቀን ተመለሱ" ነው ወጉ። ቢያንስ ሦስት ጊዜ ላመላልሳቸው ወስኛለሁ። ከጌዶ አምቦ፣ ከአምቦ ጌዶ ሲሉ ክረምቱ ያልፋል፣ ምናልባት ልጁም ሐሳቡን ይቀይር ይሆናል። ይሄ ነበር ስሌቴ።

ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ። ከሚኒባስ ወርደው እስከኛ በር ድረስ ዝናቡ ደብድቧቸዋል። ወጉ ነውና ቆመው ይንጠባጠባሉ። ትልቁ፣ ነጭ ሪዝ ያላቸው የጌዶ ፈረሰኛ፣ ጋቢያቸው ቢጨመቅ ባልዲ የሚሞላ ውኃ ይወጣዋል፤ "ልጅዎን ለልጃችን" ለማለት አፋቸውን ሲከፍቱ ጥርሳቸው ተንገጫገጨ። "ልጅዎን ለ... ለ... ለ..." አሉና ቀሩ። ባለቤቴ ብርድ ልብስ ልታመጣ ወደ ጓዳ ሮጣ፣ መሃል መንገድ ላይ ገመዱ ትዝ ሲላት ደርቃ ቆመች።

በዚህ ጊዜ የልጄ መኝታ ቤት በር ስንዝር ያህል ተከፈተ። እንዳትታይ ተደብቃ የተቀመጠችው ልጄ እጇን ብቻ አወጣች። እጇ ላይ ደግሞ የኔ ስፌት።

ባለቤቴ አመድ መሰለች። እኔ ግን ብድግ ብዬ ተቀብዬ ለሽማግሌው ደረብኩላቸው። እስከ ጆሯቸው ተጠቀለሉ። ቀስ በቀስ መንቀጥቀጡ ተዋቸው፣ ዓይናቸው በራ።

"ኧረ ጋሪዳ!" አሉ። "ጥሩ ነው! እንዴት ይሞቃል በሉ! ከየት የመጣ ነው?"

እኔ አፌን ሳልከፍት ባለቤቴ ቀደመችኝ። "ከውጭ ነው! ከፈረንጅ አገር። ዘመድ ነው የላከልን።"

በሕይወቷ ዋሽታ የማታውቅ ሴት! ሽማግሌው ጠርዙን በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ ሄዱ። አንድ ወደ ፊት፣ ግማሽ ወደ ኋላ። ቆም አሉ። የኔን ጣቶች አዩ፤ በመርፌ ተወግቶ ያልቆሰለ ጣት የለኝም። እንደገና ጠርዙን አዩ።

"ፈረንጆቹም ፈረስ ይጭናሉ ማለት ነው" አሉ ቀስ ብለው። ያልተሰፋው አራተኛ ጎን ላይ ሲደርሱ ደግሞ፣ "ይቺን ጎን ረስተዋታል። ፈረንጅም ይረሳል ለካ።"

እኔ ሳቄን ስውጥ ላብ አጠመቀኝ። ጉሮሮዬን ጠርጌ "እንግዲህ እንመክርበታለን፣ ሌላ ቀን..." ስል ሽማግሌው ይበልጥ ተጠቀለሉ።

"መልሱን ካልሰማሁ ይህን ነገር ከላዬ አላወርድም" አሉ። "ለብሼው ነው የምሄደው።"

ሌሎቹ ሁለቱ በሳቅ ፈነዱ። ባለቤቴ ከኋላዬ በጣቷ ጎኔን ወጋችኝ። ከዓመት በላይ የለፋሁበት ነገር የሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ሊሄድ ነው! "እሺ፣ ሰጥተናል" አልኩ፤ እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። ከመኝታ ቤቷ የልጄ ሳቅ ተሰማ። የሦስት ምልልስ ስሌቴ በአምስት ደቂቃ አለቀ። የገዛ ስፌቴ ነው ጉድ የሠራኝ።

ከዚያ በኋላ ባለቤቴ ምርጫ አልነበራትም። የልጁ እናት ደውለው ስለ ዘር ማንዘር ሳይጠይቁ "ያ የፈረንጅ ብርድ ልብስ ከልጃችን ጋር ይመጣል አይደል?" አሉ። ድሪቶ አስይዤ አልድርም ያለችው ሴት በስልክ "እንዴታ!" ስትል ሰማኋት። እኔም አራተኛውን ጎን ሰፍቼ ጨረስኩ። በዕድሜዬ የጀመርኩትን ስጨርስ የመጀመሪያዬ ነው። የመጨረሻውን ቋጠሮ ስቋጥር ደስ አላለኝም።

ጥር ላይ ዳርናት። የመልሱ ዕለት የልጁ አክስት አጠገቤ ተቀምጠው ስለ ብርድ ልብሱ ያወራሉ። "ሐበሻ ቢሞት እንዲህ አይሰፋም!" አሉኝ። የጎረስኩት ሥጋ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ባለቤቴ ጀርባዬን እየደበደበች "አዎ፣ ፈረንጅ እኮ ትዕግሥቱ!" አለች። ልጄ ከሙሽራ ወንበሯ ሆና አይታን ዓይኗን ጠቀሰችኝ። ታውቅ ነበራ፤ ቀለሞቹን የለየችልኝ እሷ አይደለችም?

ከሠርጉ በኋላ ቅዳሜ የሚባለው ቀን ጠላቴ ሆነ። "ጌዶ ልሂድ" ስል ባለቤቴ አትሰማኝም። "ልጁን ከዳረ በኋላ በየሳምንቱ አማች ቤት የሚመላለስ አባት የት አይተሃል? ልጁን መስጠት አልሆነለትም ይሉሃል። ምክንያት ሲኖርህ ትሄዳለህ።" ምክንያት ከየት ላምጣ? ሰው ጤና ነው፣ ሁሉም ደህና ነው። ይህን ያህል በደህና መሆን ተናድጄ አላውቅም።

በሁለተኛው ወር ልጄ ደወለች። "አባዬ፣ ጠርዙ ተፈታ። ፋብሪካው መቼ ይመጣል?"

ባለቤቴ "አላልኩህም? መቼ ጨርሰህ ታውቃለህ!" አለች። ደስም አለኝ፣ አፈርኩም። መርፌዬን ይዤ ጌዶ ሄድኩ። አራተኛው ጎን ክንድ ያህል ተከፍቶ ውስጡ ይታያል። "አባዬ፣ ውስጡ ነብር አለ!" ብላ ልጄ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ታሪኩን ነገርኳት፣ እንደ ልጅነቷ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሰፋሁ፣ ምሳ በላን፣ ስለ ሥራዋ አወራችኝ፣ ማታ ተመለስኩ። ሁለት ወር ሳይሞላ እንደገና ተፈታ። እንደገና ሄድኩ፣ እንደገና ሰፋሁ።

በዚህ ጊዜ ግን ተናደድኩ። የወጣውን ክር ኪሴ ከትቼ፣ ጊንጪ ሽማግሌው ጋ ሄጄ፣ "አያልቅም ያሉኝ ስፌት ይኸው!" ብዬ ጠረጴዛቸው ላይ ጣልኩት። ሽማግሌው ተቆጡ። ክሩን ወደ ፀሐዩ አንሥተው ጫፉን አዩት። ሌላውንም ጫፍ አዩት። ከዚያ ቁጣቸው ጠፋ።

"ባርሲሳ፣ ክር ሲያረጅ ጫፉ ይንጨባረራል። ይሄ ቀጥ ብሎ ነው የተቆረጠው" አሉኝ። "ያቺ ፈረስህ መቀስ አላት።"

ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ። ከጊንጪ አምቦ በሚወስደኝ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከአንድ በግ ከያዘ ገበሬ አጠገብ ተቀምጬ፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ገበሬው በጉ ስለረገጠኝ መስሎት ይቅርታ ጠየቀኝ።

ለባለቤቴ ነገርኳት። ተነሥታ የተወለወለውን ወለል እንደገና ወለወለች። በቀጣዩ ጊዜ ልጄ ደውላ "አባዬ፣ ጠርዙ..." ስትል፣ መርፌዬን ይዤ ስወጣ ባለቤቴ ለብሳ በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

"ብቻህን አይሆንልህም" አለችኝ። "ጨርቁን የሚይዝልህ ሰው ያስፈልጋል።"

ጌዶ ስንደርስ ልጄ እናቷን አይታ ወደ በሩ ሮጠች። አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ ሁለቱም አለቀሱ፣ ሁለቱም "ጉንፋን ነው" አሉ። ከዚያ ተቀመጥንና ባለቤቴ ድሪቶውን ጭኗ ላይ ዘርግታ የተከፈተውን ጠርዝ ያዘችልኝ። በቀዳዳው ነብሩ አፍጥጦ አያት።

"በኢየሱስ ስም" አለች። "እኔ የመረጥኩት።"

ሳትቆጣኝ ልሰፋ ብዬ መርፌዬን ቶሎ አነሣሁ። አንድ ወደ ፊት፣ ግማሽ ወደ ኋላ። ባለቤቴ እጄን ያዘች። ልጃችን ወጥ ቤት መሆኗን አየት አድርጋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"ምነው እንዲህ ታጠብቀዋለህ? ሰፋ ሰፋ አድርገህ ውጋው" አለችኝ። "ስትቆርጠው እጇ እንዳይደክም።"

ሰፋ አድርጌ ወጋሁት።